እትዬን ወደ ጎተንበርግ የላክንበት መንገድ

የዚያን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ዳቬይተን ውስጥ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል የተቀመጥነው አምስት ሰዎች ነበርን። ስም አልጠራም፤ ማን ማን እንደነበርን ግን በየተራ እናገራለሁ። የመጀመሪያዋ እትዬ ናት፤ የሱቁ ባለቤት፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ ሥራውን ብቻዋን የያዘች የሆሳዕና ሴት። ሁለተኛው የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ካትሌሆንግ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ አላቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ከተማ ውስጥ፣ ጄፒ በሚባለው ገበያ፣ ብርድ ልብስ የሚሸጥ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጓደኛዬ ነው፤ ኦርቶዶክስ ስለሆነ እሑድ እሑድ የእኛ ጸሎት ካበቃ በኋላ ለምሳ ብቻ ይደርሳል። አራተኛዋ የግቢው ባለቤት፣ ሱቁን ያከራዩን አሮጊት ናቸው፤ በሰፈሩ ደንብ ጎጎ ብለን እንጠራቸዋለን፣ አያቴ እንደማለት ነው። አማርኛ አይሰሙም፣ ግን ከስብሰባችን አይቀሩም። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ኤርታይም፣ ማለት የስልክ ሂሳብ፣ የምሸጠው።

እትዬ ፓስፖርቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። የስዊድን ቪዛዋ በዚያ ሳምንት ነው የወጣው። ታናሽ ወንድሟ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ስዊድን ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጎተንበርግ በምትባል ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ሲድህ ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ሊያገባ ነው። በሰርጉ ላይ በእናት ቦታ ቆማ የምትመርቀው ሴት ከእሷ ሌላ የለችውም። ከመካከላችን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ወጥታ መመለስ የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። የእኔ ወረቀት የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፤ ከድንበር አያሳልፍም።

ያቃተን ቲኬቱ ነበር። ከተማ ያለው ወኪል ከጆሃንስበርግ እስከ ጎተንበርግ ብሎ የጠራላት ዋጋ የሱቁን መደርደሪያ ባዶ የሚያስቀር ነው። እትዬ ያን ቀን የሰበሰበችን ውሳኔዋን ልትነግረን ነበር፤ አልሄድም፣ ሰርጉን በስልክ አየዋለሁ አለች። ድምጿ ደህና ነበር፤ ፓስፖርቱን ግን አንዴ ስትከፍት አንዴ ስትዘጋ ነበር። ጋሼ እግዚአብሔር የፈቀደው ይሆናል አሉ።

እኔ ሰው በተሰበሰበበት አልናገርም። ያን ቀን ግን «ይቻላል» አልኩ።

ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። «ተናገረ እንዴ? እትዬ፣ ቀኑን ጻፊው» አለ።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ላስረዳ። የጧቱ ገበያ ካለቀ በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪወጡ ድረስ ሱቁ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ሌላው ሰው ኳስ ያያል፤ እኔ በስልኬ የአውሮፕላን መስመር አያለሁ። ለምን እንደጀመርኩ በትክክል አላውቅም፤ ምናልባት ወረቀቴ የትም ስለማያስኬደኝ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ ከአገር ወደ አገር ለመብረር አንዳንድ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ ከዚህ ደርባን በአውቶቡስ ከሚያስሄደው ያነሰ መሆኑን ሳይ ገረመኝ። ቀስ በቀስ ጠባያቸውን ለየሁ። ርካሾቹ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ በወኪሎች ሰሌዳ ላይ አይታዩም፣ በራሳቸው ገጽ ነው የሚሸጡት። የከተማውን ስም ይይዙና ከከተማው ርቀው ያርፋሉ። መሐል ሳምንት ይረክሳሉ፣ ዓርብና እሑድ ይወደዳሉ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ይዞ ከመሟገት የወሩን ዋጋ ሁሉ ባንድ ገጽ ዘርግቶ ማየት ይሻላል። ዋጋው ከተገኘ በኋላ ደግሞ ወንበር ምረጥ፣ ኢንሹራንስ ጨምር፣ መኪና ተከራይ እያሉ ይለምናሉ፤ ለሁሉም እምቢ ማለት ነው። በራንድ፣ በዚህ አገር ገንዘብ፣ እንቀይርልህ ሲሉም እምቢ ነው፣ የእነሱ ምንዛሪ ከባንኩ ይብሳል። የመሳፈሪያ ወረቀቱን አስቀድሞ ሳያወጣ የሄደ ሰው ደግሞ እዚያው ይቀጣል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎችን አወቅሁ። አንዱንም አላየሁም።

የወኪሉን ዋጋ ያበዛው የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ እንደሆነ ነገርኳቸው። መንገዱን ለሁለት እንክፈለው አልኩ። ከጆሃንስበርግ በአዲስ አበባ በኩል ሚላን ድረስ ባንድ ቲኬት፤ ከሚላን ጎተንበርግ በሌላ፣ በርካሹ። የስዊድን ቪዛ ጣልያንም ያስገባል። ሁለተኛው አውሮፕላን የሚነሳው የመጀመሪያው ከሚያርፍበት ከሚላኑ አየር ማረፊያ አይደለም፣ ራቅ ብላ ካለች ቤርጋሞ ከምትባል ከተማ ነው፤ በመሐል አውቶቡስ አለ። ሁለቱን ዋጋ ደምሬ፣ ከወኪሉ በብዙ ያነሰ ነበርና፣ ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት። ዓይኗን አጥብባ አየችው። ከዚያ ለጋሼ ሰጠች። ጋሼ መነጽራቸውን ፈለጉ።

ጓደኛዬ በበኩሉ ስልኩን ይነካካ ነበር። «ከሚላን በለንደን በኩል ከዚህም ይረክሳል» አለ፤ ደስ ብሎታል።

«ለንደን የራሷ ቪዛ አላት። የእትዬ ቪዛ እዚያ አይሠራም።»

«አልፋ እኮ ነው የምትሄደው፤ ከተማ አትገባም።»

«ቲኬቱ ሁለት ነው። ሻንጣዋን ተቀብላ ወጥታ እንደገና መግባት አለባት። ለዚያውም የእሷ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው፤ ከሚላን ለንደን ከወጣች ስዊድን አያስገባትም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ይሄ ልጅ ፓይለቱንም ሳያርም አይቀርም» አለ።

እትዬ እሺ ስትል የሚላኑ ቲኬት በካርዷ በዚያው ተገዛ፤ ያለ ችግር አለፈ። ለርካሹ ስንደርስ ግን ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ይህኛው ወደ ሰርጉ የሚያደርሰው ስለሆነ ሳይጸለይ አይከፈልም አሉ። እኔ ገጹ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት እንዳለ አየሁ፤ ግን ሽማግሌ እንጸልይ ሲሉ ቆይ አይባልም። ጋሼ ተነሥተው ቆሙ፣ ሁላችንም ቆምን፣ ጎጎም ቆሙ። ጋሼ ሰማይና ምድር ከመፈጠሩ ጀመሩ። እስራኤል ቀይ ባሕርን ሲሻገር ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። በሊቢያ በረሃ የቀሩትን አሰቡ፣ የሙሽራዋን ወላጆች ባረኩ፣ አብራሪውን፣ የአብራሪውን ቤተሰብ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አሜን በልና ተጫን፣ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲጀምሩ ሰምቷል» አለኝ። ሰው እየጸለየ መክፈል አልሆነልኝም። ገጹ ተዘጋ።

አሜን ከተባለ በኋላ ጊዜው ማለፉን ተናገርኩ። እትዬ ቁጭ አለች። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ ገጹ ሲዘጋ ሌላ ሰው ሊወስዳቸው ይችላል። ቀኑን እንደገና አስገባሁ፣ ስሟንና የአባቷን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፍኩ፣ ለልመናዎቹ ሁሉ እምቢ አልኩ። ዋጋው አልተነቃነቀም። በዚያ ቅጽበት ተጫንኩ፤ ባንኩ ማረጋገጫ ላከ፤ አለቀ። ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና «አየህ፣ ጸሎቱ ይዞ አቆየው» አሉ።

ለእኔ ግን ገና አላለቀም ነበር። ቲኬቶቹ ለየብቻ ስለሆኑ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅም፣ ገንዘብም አይመልስም። ስለዚህ በመሐላቸው አንድ ሌሊት ትቼ ነበር የገዛሁት። ያን ሌሊት እትዬ የት ትደር? እንግሊዝኛዋ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ ጣልያንኛ አታውቅም፣ ካንዱ አየር ማረፊያ ወደ ሌላው ደግሞ ብቻዋን ልትሻገር ነው። የሆቴሉ ዋጋ ያተረፍነውን መልሶ ይበላል። ብዙ ሰው ባንድ ክፍል የሚያድርበት ርካሽ ማረፊያ አገኘሁላት፤ ከማላውቀው ሰው ጋር አልተኛም አለች፣ እውነቷን ነው። ቀኑ እየቀረበ ሄደ፣ ያቺ ሌሊት ግን ቀዳዳ ሆና ቀረች። ይቻላል ያልኩት እኔ ስለሆንኩ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በዚህ ላይ ጋሼ ጨመሩበት። በሌላው እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር ማይክሮፎኑን ይዘው፣ እህታችን አውሮፓ ልትሄድ ነውና አደራ ያላችሁ ሱቋ ድረስ አምጡ ብለው አወጁ። ክፋት የለባቸውም፤ ኮርተውባት ነው። በእኛ ዘንድ መንገደኛ የራሱን ዕቃ ብቻ ይዞ አይሄድም። የላከ ሰው እምቢ ከተባለ ኮራችብን ይላል፣ ያ ወሬ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ሳምንቱ ሳይጋመስ የኋለኛዋ ክፍል በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በበሶ፣ በሕፃን ልብስ ሞላች። የዱቄቱን ከረጢት ለማውጣት አደራ መሻገር ነበረብኝ።

ጋሼ ሊጠይቁ ሲመጡ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ከሚላን በኋላ የምትፈቀድላት አንዲት ትንሽ ቦርሳ ናት።»

«ስንት ኪሎ?»

«ኪሎ አይደለም። ከወንበር ሥር መግባት አለባት።»

«አውሮፕላን ነው ወይስ ሚኒባስ ታክሲ?»

ጓደኛዬ ከበሩ ሆኖ «ታክሲማ ጋሼ፣ ጭንዎ ላይ እንኳ ያስይዝዎታል» አለ።

ጋሼ ቅር አላቸው። ሌላ ማድረግ ስለማልችል የለስላሳ ክሬት ላይ ቁጭ ብዬ ዕቃውን አንድ በአንድ አነሳሁ፤ ለየላኪው እየደወልኩ ተቀባዩ የት እንዳለ ጠየቅሁ። ለስዊድን የተላከ የለም። ጥቂቱ ለጀርመንና ለስዊዘርላንድ ነው፤ የቀረው ለጣልያን። እስከ ሚላን ድረስ ደግሞ እትዬ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይፈቀድላታል፤ እንዲያውም ባዶ ሊሄዱ ነበር። ይህን ሳስብ እጄ ላይ የነበረው የሽሮ ጥቅል ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር መንገድ ዳር ልብስ የምትሸጥ ሴት ለልጇ የላከችው ነበር። ልጅቷ ሚላን ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልኩላት፤ ጥቅሉን የት እንደምትቀበል ለመጠየቅ ነው። ስለ ሌሊቱ ልጠይቃት አላሰብኩም ነበር፤ እሷ ናት እንግዳዋ የት ታድራለች ያለችኝ። አልተገኘም፣ ሆቴል እያየሁ ነው አልኳት።

«የእናቴን እጅ ይዛ የመጣች ሴት ሆቴል ታድራለች?» አለች። «ነገ እናቴ ብትሰማ ምን ልላት ነው?»

በዚያ ስልክ ሁሉም ነገር ተፈታ። አየር ማረፊያው ድረስ መጥታ ትቀበላታለች፣ ቤቷ ታሳድራታለች፣ በማግስቱ በአውቶቡስ ቤርጋሞ ትወስዳታለች። ፓስፖርታቸው የአውሮፓ ያልሆነ ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት ቪዛቸውን በአንድ መስኮት ማሳየት እንዳለባቸው ስነግራት፣ ያን ሳትጨርስ እንደማትለያት ነገረችኝ። ሻንጣዎቹ እስክትመለስ እሷ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ የሌሎቹንም አደራ ጣልያን ያሉት ከእሷ ይወስዳሉ፣ የጀርመንና የስዊዘርላንዱን በፖስታ ትልካለች። ብዙ ቀን በስልኬ ፈልጌ ያጣሁትን ማረፊያ የጋሼ ማይክሮፎን አመጣው። ለጋሼ ስነግራቸው አልተገረሙም። አደራ መንገድ ይከፍታል እንጂ መች ይዘጋል አሉ።

የቀረችው ትንሿ ቦርሳ ነበረች። ኩባንያው የፈቀደው ልክ አርባ በሰላሳ በሃያ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈች በሩ ላይ የሚያስከፍሉት ከቲኬቱ ይበልጣል። ከቺፕስ ካርቶን በዚያው ልክ ሣጥን ቆርጬ በቴፕ አጣበቅሁ። እትዬ ጠቅልላ ትሞላለች፣ እኔ ሣጥኑ ውስጥ እከታለሁ፣ አልገባ ስትል አንድ ነገር ይቀነሳል። ጎጎ ወንበራቸውን አስጠግተው ያዩ ነበር። ምን እንደምናደርግ በተቀላቀለ እንግሊዝኛና ዙሉ ስነግራቸው እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዚያ ገብተው ቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ረጅም ካፖርት አመጡ። ኪሶቹ ክንድ ያስገባሉ። የለበሱትን ልብስ ይለካሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይለኩም አልኩ። እንግዲያው አሉና ኪሶቹን ገልብጠው አሳዩን። ለሙሽራዋ የተሸመነው ጥበብ አንዱ ኪስ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ሌላው ውስጥ ገባ። ጎተንበርግ በዚያ ወር ብርድ ስለሚገባ ካፖርቱ ራሱም ያስፈልጋት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከቦርሳው አወጣሁባት፤ ቅቤውን። በአገራቸው ደንብ ሙሽራ የሚመረቀው አናቱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ነው። ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ከውጭ ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል መሆኑን፣ ቢገባም እንኳ እንደ ቅቤ ያለ ለስላሳ ነገር በእጅ ቦርሳ ከትንሽ ዕቃ በላይ እንደማያልፍ አስረዳሁ። ጋሼ ይህን አልተቀበሉም።

«ያለ ቅቤ ምን ምርቃት አለ?»

«ቅቤ እዚያም ይሸጣል፣ ጋሼ።»

«የፈረንጅ ቅቤ? ሙሽራ አናት ላይ?»

እትዬ የቅቤውን ዕቃ ከእጄ ተቀብላ ክዳኑን አጠበቀችና መደርደሪያው ላይ መለሰችው። «ላም ላም ናት፣ ጋሼ» አለች። «የምመርቀው እኔ ነኝ፣ ቅቤው አይደለም።»

ሄደች። በጉዞዋ የምትልክልኝን የድምፅ መልእክት ዳቦ እየሸጥኩ ነበር የምሰማው። ሚላን ሰላም ደረሰች፤ ልጅቷ ከእነ አበባዋ ቆማ ነበር፤ የእናቷን ሽሮ እንዳሸተተች አለቀሰች። በማግስቱ ከቤርጋሞ የመጣውን መልእክት ግን አሁንም አልደመሰስኩትም። መሳፈሪያው በር ላይ አንዲት ሠራተኛ የየሰዉን ቦርሳ ብረት ሣጥን ውስጥ እያስከተተች ነበር። ከእትዬ ፊት የነበረው ወጣት ቦርሳው አልገባ ብሎ ሲከፍል አየች። ተራዋ ሲደርስ የራሷን አስገባች። «ልጄ፣ ልክክ ብላ ገባች» ይላል ድምጿ፣ ከበስተጀርባ ማስታወቂያ እየተነገረ። «አወጣኋትና ሌላው ሰውም ይይ ብዬ ደግሜ ከተትኳት። ሴትዮዋ ሂጂ ሂጂ አለችኝ።» ፍርግርጉን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ያላለፍኩት በር ላይ የእኔ ልክ ትክክል ሆኖ ነበር። ወንድሟ ጎተንበርግ ላይ ሲያቅፋት የተነሣውን ፎቶ ያየሁት በዚያው ቀን ነው፤ የጎጎ ካፖርት ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል።

ቅዳሜ ሰርጉ ሆነ። ስልኬን ሱቁ ውስጥ የዳቦ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። ጋሼ የካትሌሆንጉን ሱቅ ዘግተው መጡ፣ ጓደኛዬ ሸቀጡን ለጎረቤት ትቶ መጣ፣ ጎጎ ካፖርታቸው ስለሄደ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀመጡ። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሰዉ ግን ሞልቷል። እትዬ ተነሣች። እዚያው ከሱቅ የተገዛውን ቅቤ ከትንሽ ሳህን በጣቷ ዝቃ ወንድሟ አናት ላይ አደረገች፣ ቀጥላም ሙሽራዋ ላይ። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ፤ ከአፋቸው የወጣው እሰይ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ በአገሯ ቋንቋ መመረቅ ጀመረች።

ልክ በዚያ ጊዜ አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን አንኳኳ። «ማይ ፍሬንድ፣ ግማሽ ዳቦ» አለ። ዳቦውን ቆርጬ፣ መልስ ሰጥቼ፣ በሰፈሩ ደንብ ሻርፕ ተባብለን፣ ተሰነባብተን ስመለስ ምርቃቱ አልቆ ነበር። አዳራሹ በሙሉ አሜን እያለ ነው። ሙሽራው ተንበርክኳል፤ ቅቤው ግንባሩ ላይ ቀልጦ ከእንባው ጋር ይወርዳል፤ ሊጠርገውም አልሞከረም። ያ ሁሉ መንገድ የተፈለገው ለእነዚያ ቃላት ነበር፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠየቅሁ። ጋሼ የእናቱን ስም ጠርታ ነው የጀመረችው ይላሉ፤ ቀጥሎ ምን እንዳለች ግን እሳቸውም እያለቀሱ ስለነበር እርግጠኛ አይደሉም። ጓደኛዬ ቋንቋውን አይሰማም። ጎጎም አይሰሙም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም እንደተረዱ ነው የሚናገሩት። እትዬን ራሷን ስትመለስ ጠየቅኋት፤ አላስታውስም ልጄ፣ አፌ ነው የተናገረው አለች።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ያን ቀን ጎተንበርግ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ሰዎች፣ በተለይ ከፊት የተቀመጣችሁና ቋንቋውን የምትሰሙ፣ ምን ብላ እንደመረቀችው ላኩልኝ። ቃል በቃል ካልሆነም የምታስታውሱትን። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ቅቤውን በቀኝ እጇ ነው ያደረገችው ወይስ በግራ፣ ሙሽራዋ ቆማ ነበር ወይስ ተቀምጣ፣ ስልኩን ይዞ ያሳየን ሰው ማን ነበር። ከእኔ ይልቅ እናንተ ቅርብ ነበራችሁ።